ባዶ ቤት የጮኸው ካሴት

መቶ አለቃ ዓለምሰገድ የሟቹን ፊት ከማየቱ በፊት ሶኬቱን አየ። ልማዱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ አስከሬኑ ሲሽቀዳደም እሱ ግድግዳና ወለል ሲያይ፣ መስኮት ሲነካካ ይቆያል። የጣቢያ ባልደረቦቹ በዚህ የተነሳ «ቤት ተከራይ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ይሳቁበት እንጂ ነገር ሲጠናባቸው የሚጠሩት እሱኑ ነው።

ግቢው ቦሌ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። ከትልቁ ቤት ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ወስዶ ያከራያቸው ናቸው። በአንደኛው ክፍል ዓምደሚካኤል የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቷል። ከግራ ጆሮው በላይ ተፈንክቷል። ከፊቱ ትንሽ ቴሌቪዥን በርቷል። ከቴሌቪዥኑ ሥር ከደብተር የማትበልጥ ጥቁር ኮምፒውተር ተቀምጣለች፤ ከጎኗ የካሴት ማጫወቻ። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ዞሮ ቆሟል። የቴሌቪዥኑ መስታወት ነጭ ነው፤ ከግርጌው አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ትታያለች።

«ለኢምፔሪያሊስቶች ሲጽፍ ነው የሞተው» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቢተው፣ በሩን ደገፍ ብሎ።

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«አይታይም። ምስጢር ነዋ።»

ከባዶ ሰሌዳ ላይ ምስጢር ከሚያነብ ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ዓለምሰገድ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን ቃኘ። ጠረጴዛው ሁሉ የብረት ብናኝ ለብሷል። ጥጉ ላይ የታሰረው ሞርሳ ግን፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው መሣሪያ፣ አንድ ጎኑ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። ጣቱን አስነካውና ጣቱን አየ።

የ1978 ዓ.ም. የካቲት ነው፤ እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ጓድ ቢተው ፖሊስ የጠራው ለወጉ ያህል እንጂ ነገሩን እሱ ራሱ ጨርሶታል።

«ስማኝ ጓድ መቶ አለቃ። ዛሬ ለመስመር ጥገና ከሁለት እስከ አራት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋ ቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። ከሦስት እስከ ስድስት ደግሞ ስብሰባ ነበረን። ስም ስንከፍት እንጠራለን፣ ስንዘጋም እንጠራለን፤ በመሃል የሚወጣ የለም። አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ይሄ ሰውዬ ማሽኑን አስጮኸ፤ ጎረቤት ሰምቷል። ስለዚህ አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረ። ስድስት ተኩል ላይ ሞቶ ተገኘ። በዚያ መሃል እዚህ ግቢ የነበሩት እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊትና የአቶ መኩሪያ ልጅ ሣባ ብቻ ናቸው። አሮጊቷ ይህን ጎረምሳ ይፈነክታሉ?»

«ሣባ የት ናት?»

«አስሬያታለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ላይ ይወስዳታል።»

ወደ ላይ የተወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን በዚያ ዘመን የሚጠይቅ አልነበረም። የሚያውቀው አይናገርም፤ የማያውቀው ደግሞ ማወቅ አይፈልግም። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓለምሰገድ ሰዓቱን አየ፤ መኪናው እስኪመጣ አራት ሰዓት ቀርቶታል።

በመጀመሪያ የግድግዳ ጎረቤቲቱን ወይዘሮ የሻሽወርቅን አነጋገረ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ዐይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«እንደ ልጄ ነበር» አሉ። «መብራት በጠፋ ቁጥር በር ላይ ወጥቶ ‹ሶኬት ንቀሉ! ሲመለስ ዕቃችሁን ይበላዋል!› እያለ ይጮህብናል። የራሱንማ ከሁሉ በፊት ነው የሚነቅለው። ዛሬም ሁለት ሰዓት ላይ ጮኾ ነበር።»

«እርስዎ ነቀሉ?»

«እኔማ መቼ ሰምቼው አውቃለሁ። ሬዲዮዬ እንደተሰካ ነው።»

«አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጮኸ ብለዋል። መብራት ከመጣ ስንት ደቂቃ በኋላ ይሆናል?»

«ምን ደቂቃ አለው ልጄ። ሬዲዮዬና የሱ ጩኸት እኩል ነው የተነሱት። እንደውም ደንግጬ አማትቤያለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እግሬን እንጂ ጆሮዬን መቼ አመመኝ?»

ዓለምሰገድ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ከዚያ ኦሎምፒያ ሰፈር ካሴት የሚቀዳውን ሙክታርን አስጠራው። ሙክታር የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው፤ ጠዋቱን በራሱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ይህም ተጣርቷል። በሩ ላይ ሲደርስ ጓደኛውን አይቶ ተመለሰና ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። ዓለምሰገድ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ስለ ማሽኗ ንገረኝ። ምን ትሠራለች?»

«ጨዋታ ናት አለቃ። ባለፈው ውጭ ለሥልጠና ሄዶ ነው ያመጣት፤ የፊታችን ሐሙስም ለሌላ ሥልጠና ሊሄድ ነበር። አንዲት መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ትወድቃለች። ነዳጅ እየቆጠቡ፣ ፍጥነቷን እየያዙ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ነዳጅ ካለቀ ትከሰከሳለች።»

«ጎበዝ ነበር?»

«እሱ? ሁልጊዜ ይከሰክሳታል። የምታሳርፈው ሣባ ናት፤ ነዳጅ ሁላ ይተርፋታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ፣ እሷና አባቷ እዚህ እንሰበሰባለን። አቶ መኩሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይሉና ከኋላችን ሆነው ያያሉ። ነክተዋት አያውቁም። ‹ለእናንተ ይሁንላችሁ› ነው የሚሉት።»

«ጨዋታው እንዴት ነው የሚጀመረው?»

«ይቺ ነገር መብራት በጠፋ ቁጥር የተማረችውን ሁሉ ትረሳለች። ጨዋታው ያለው ካሴቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ተቀበይ ብለው በቁልፎቿ ይጽፉላታል፤ ከዚያ የማጫወቻውን ቁልፍ ይጫናሉ። እንደ ድመት ጠብ እየጮኸ አምስት ደቂቃ ያህል ይገባላታል። ከዚያ ጨረቃዋ ትመጣለች።»

«ሳይጽፉላት ካሴቱን ብቻ ቢጫኑትስ?»

«መጮሁንስ ይጮኻል። እሷ ግን አትቀበልም። ነጭ እንደሆነች ትቀራለች።»

ዓለምሰገድ ብድግ አለና ልብሱን አራገፈ። «ለዚህ ለሐሙሱ ጉዞ ዋሱ ማን ነበር?» ሲል ጠየቀ፣ ዝም ብሎ ወሬ የሚቀጥል አስመስሎ። ለሥልጠና ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ዋስ ማቅረብ አለበት፤ ሰውየው በዚያው ከቀረ የሚታሰረው ዋሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም።

«አቶ መኩሪያ ናቸው። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት።»

አቶ መኩሪያ የትልቁ ቤት ባለቤት ናቸው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከሣባ በቀር ልጅ የሌላቸው። የስብሰባ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሳሎኑ መሃል ቆመው ነበር።

«ልጄን ያስወጡልኝ» አሉ፣ ዓለምሰገድ ገና ሳይቀመጥ። «እሷ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቤት ውስጥ አትሆንም። እባክዎ መቶ አለቃ። እኔን ይሰሩኝ በእሷ ፈንታ።»

«ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ።»

«ሣባ ስብሰባ ለምን ቀረች?»

«ከቅዳሴ በቀጥታ ትመጣለች ብዬ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ዛሬ ምን እንደነካት አላውቅም። ስሟ ሲጠራ የለችም፤ በኋላ ትገባለች እያልኩ በሩን በሩን ሳይ...» ሰውየው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

ዓለምሰገድ ብዙ የሟች ዘመድና ወዳጅ አነጋግሯል። ሁሉም ሳይውል ሳያድር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ማን ገደለው? አቶ መኩሪያ አልጠየቁትም። እሱም ይህን ማስታወሱን ጠላው፤ ሰውየው አሳዝነውታል።

ሣባን የቀበሌው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ባዶ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ነጠላዋን አልጣለችም። በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ ዓለምሰገድ ውሃ አምጣ ብሎ ላከው።

«ቅዳሴ ላይ ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከንስሐ አባቴ ከአባ ገብረትንሣኤ ጋር። ሦስት ተኩል እስኪሆን ሲመክሩኝ ነበር። ከዚያ ቤት ገባሁ። መብራት መጣ፣ ካሴቱ ጮኸ። እሱም ስብሰባ ቀርቷል ብዬ ደስ አለኝ። በሩን አንኳኳሁ፤ አልከፈተም። መንኮራኩሯ ልታርፍ ስትል ሰው አያስገባም፤ ጨዋታውን ይጨርስ ብዬ ተመለስኩ።» አቀረቀረች። «ሞቶ ነው እንዴ ያንኳኳሁበት?»

ዓለምሰገድ ጆንያው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«መቶ አለቃ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሐሙስ ከሄደ አይመለስም ነበር። በኋላ እኔንም ሊያስወጣኝ ተነጋግረናል።»

ዓለምሰገድ ወደ በሩ ዞረ፤ ጠባቂው ገና አልመጣም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አድምጪኝ። ይህን ለእኔ አልነገርሽኝም። ለማንም አትነግሪም። ሊኮበልል መሆኑን አውቀሽ ዝም ማለትሽ ብቻውን ከግድያው የማይተናነስ ወንጀል ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ነፍስ አላጠፋሽም፤ ይህን አሳያለሁ። የቀረውን አፍሽን ይዘሽ ጠብቂልኝ።»

አባ ገብረትንሣኤ የተባለውን ሁሉ አረጋገጡ። አሁን የቀረው አቶ መኩሪያን ለብቻ ይዞ፣ «ተጣላን፣ ገፈተርኩት» የምትል አጭር ቃል ተቀብሎ መዝገቡን መዝጋት ነበር። ጓድ ቢተው ግን አሻፈረኝ አለ።

«ከቀበሌ የሚደበቅ ምርመራ የለም! ሁሉም ይሰብሰብ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ የሻሽወርቅን ሙክታር ደግፎ አመጣቸው። አቶ መኩሪያ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አጠገቧ ጠባቂ ስላለ መቅረብ አልተፈቀደላቸውም። ጓድ ቢተው ከመድረኩ ላይ፣ ጸሐፊው ከጎኑ ሆነው ወረቀት ዘረጉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለና ዓለምሰገድ ጀመረ። «ዓምደሚካኤል መብራት ሲጠፋ ምን ያደርግ ነበር፣ እትዬ የሻሽወርቅ?»

«ይነቅላል። እኛንም ያስነቅላል።»

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ነቅሏል ማለት ነው። እኔ ስደርስ ግን ሁሉም ተሰክቶ ነበር። መብራት ሲመጣ ራሱ ሰክቶት ይሆን? እንዳንል እትዬ ሬዲዮአቸውና የካሴቱ ጩኸት እኩል ተነሱ ይላሉ። የተሰካውም፣ ካሴቱም የተጫነው መብራት ከመምጣቱ በፊት ነው። ለሌላው ሁሉ ‹ዕቃችሁን ይበላዋል› የሚል ሰው የራሱን አይሰካም። የሰካው ሌላ ሰው ነው።»

«መላምት ነው» አለ ጓድ ቢተው።

«ሁለተኛውን ልንገርህ። አንተ ምስጢር ያነበብክበት መስታወት ነጭ ነበር። ሙክታር፣ ነጭ ከሆነ ምን ማለት ነው?»

«ማንም ተቀበይ ብሎ አልጻፈላትም ማለት ነው። ካሴቱ ዝም ብሎ ነው የጮኸው።»

«ቁልፎቿን የነካ የለም። አራት ሰዓት ላይ በዚያ ክፍል ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው አልነበረም። ካሴቱን ያስጮኸው መብራቱ ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ ሞርሳው በአንድ ጎኑ ተወልውሏል። ዓምደሚካኤል ተቀምጦ ሲጫወት አልተመታም፤ ቆሞ ሳለ ተገፍቶ ሞርሳው ላይ ወደቀ። በኋላ ነው አንስተው ያስቀመጡት። ይህ የሆነው እሱ ሁለት ሰዓት ላይ ከጮኸ በኋላ፣ ስብሰባው ሳይጀመር በፊት ነው። በዚያ ሰዓት ሣባ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ምስክር አላት።»

ሣባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ መኩሪያ ዐይናቸውን ጨፈኑና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እግዜርን ያመሰገኑ ይመስላል።

«ማን ነዋ ታዲያ?» አለ ጓድ ቢተው።

«ጨዋታውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ካሴት ብቻ ጭኖ አይሄድም፤ ነጩ መስታወት እንደሚያጋልጠው ያውቃል። ስለዚህ ሙክታርም አይደለም፣ ሣባም አትሆንም። ጨርሶ የማያውቅ ደግሞ ካሴት መጫን ትዝ አይለውም። እትዬ ሬዲዮ ይመስላቸዋል፤ አንተም የስለላ መሣሪያ ይመስልሃል። ይህን ያደረገው ግማሹን የሚያውቅ ሰው ነው። ከኋላ ተቀምጦ፣ ካሴት ሲጫን፣ ሲጮህ፣ ጨረቃዋ ስትመጣ ያየ፤ ጣቶቻቸው የሚጽፉትን ግን ትከሻቸው የጋረደበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ድምፁን አለሰለሰ። «አቶ መኩሪያ፣ በአጭሩ ይንገሩኝ። ተጣላችሁ፣ ገፈተሩት። ሌላ አያስፈልገኝም።»

አቶ መኩሪያ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ ምንም አታውቅም። መግደሌም አልነበረም። አንድ ቃል ተናገረኝ፣ ደረቱን ገፋሁት፤ አልተነሳም።»

«በቃ። ጻፍ» አለ ዓለምሰገድ ለጸሐፊው። «በድንገተኛ ጠብ።»

«ለምን ተጣላችሁ?» አለ ጓድ ቢተው።

«የግል ነገር ነው» አለ ዓለምሰገድ ፈጠን ብሎ። «ጠብ ጠብ ነው።»

«ሰውየውን ጠየቅሁ እንጂ አንተን አልጠየቅሁም። አንድ ሽማግሌ በእሑድ ጠዋት ዝም ብሎ ሰው አይገድልም። ልጅህን ለማዳን እየዋሸህ እንዳልሆነ በምን ልመን? ማስረጃ አለህ?»

አቶ መኩሪያ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። ማስረጃ ሲባል በመዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበት ነገር ነው። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ።

«አቶ መኩሪያ፣ ይተዉ» አለ ዓለምሰገድ። ሽማግሌው ግን የሚሰሙት ሊቀ መንበሩን ብቻ ነበር።

«አለኝ» አሉ። «ለጉዞው ዋሱ እኔ ነኝ። ወንድሜ እንዲህ ለሰው ዋስ ሆኖ ሦስት ዓመት ታሰረ፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። ይሄ ልጅ ላይመለስ ወስኖ ነበር። ትናንት ማታ ነው ያወቅሁት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለመንኩት። ‹አይዞዎት፣ ሽማግሌ አያስሩም› አለኝ። ያኔ ነው የገፋሁት። ይኸው፣ በእጁ የጻፈው ነው።»

ደብዳቤውን ዘረጉ። ዓለምሰገድ ሊቀበል እጁን ሰደደ፤ ጓድ ቢተው ቀደመው። ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተንተባተበ አነበበው።

«‹ሣቢ፣ እንደተነጋገርነው ሐሙስ ከሄድኩ አልመለስም። ተደላድዬ ሰው እልክልሻለሁ፤ በጅቡቲ በኩል ትወጫለሽ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ።›»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም። ጓድ ቢተው ወረቀቱን አጠፈና «እንደተነጋገርነው» አለ፣ ለራሱ ያህል።

«የተያዘችው በነፍስ ግድያ ነው» አለ ዓለምሰገድ። «ከዚያ ነፃ ናት።»

«ነፃ ናት። ጻፍ» አለ ጓድ ቢተው ለጸሐፊው። «ከዚያ ቀጥለህ ደግሞ፣ የኩብለላ ሴራ አውቃ ደብቃለች፣ ራሷም ልትኮበልል ተዘጋጅታለች ብለህ ጻፍ።»

«እሷ አላነበበችውም!» አሉ አቶ መኩሪያ። «ከመጽሐፏ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን የሰጠሁህ እኮ እንድትለቃት ነው።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ «ምነው ባቃጠልከው» ሲሉ አለቀሱ።

መኪናዋ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰች። የመጣችው ለአንድ ሰው ነበር፤ ሁለቱንም ጫነቻቸው። ዓለምሰገድ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ሣባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። አላኮረፈችም፤ የኮታቸውን እጅጌ ያዘች።

«አባዬ፣ ስብሰባ የቀረሁት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም የኔ ልጅ።»

«ለአባ ገብረትንሣኤ ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር ከተማከርኩ በኋላ ቆረጥኩ። ስብሰባውን ትቼ በቀጥታ ቤት የመጣሁት እሱን ልጠብቅ ነው። አትሂድ ልለው ነበር። አባቴን አስይዘን አንሄድም ልለው ነበር። እሺ ይለኝ ነበር እኮ፤ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናዋም ወደ ኦሎምፒያ ታጠፈች።

ዓለምሰገድ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ገልብጦ ጨርሷል፤ መርማሪው የሚፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው። ዓለምሰገድ ሁለት ጊዜ አነበበው። አንድም ሐሰት አላገኘበትም። ፈረመ።